ገጽ

አክስቴ ማርግድ ስለ አንተ የምታውቀው ይህን ነበር፦
ኢቫን ሮበርትስ፤ ግራኝ፤ በመዝሙር አገር ድምፁ የማይሰምር፤
የጣራ ድንጋይ ፈላጭ፤ ድንች ሳይቆፈር የሞተ፣ አባቷ ገና በሆድ ሳለ።
ዓመቱን ስጠይቃት ትከሻዋ መለሰ፤ ሌላ ምን አለ?

ይኸው ነው ስንቄ። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቼ፣
ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ፣ መነጽሬን ሰክቼ፣
ዶልጌላይ፣ ከመዛግብት ቤት፣ ዝናቡን ከደጅ ትቼ፣
ተቀመጥኩ።

"ስም ከመቃብር በላይ ይውላል" ይባላል። እውነት ነው፣ ይውላል፤
በዚህ ሸለቆ ግን አንድ ስም ለሃምሳ ሰው ይበቃል።
ሮበርትስ፣ ጆንስ፣ ዊልያምስ፤ እንደ ጉንፋን ቤት ለቤት ዞሮ፣
ጎረቤት ሰውን በእንከኑ የሚጠራው ለዚህ ነው፣ ከጥንት ጀምሮ፦
ኢቫን ግራኝ፣ ኢቫን ጥርሱ፣ ኢቫን የድልድዩ።
ለመንግሥት መዝገብ ግን ሦስቱም አንድ ናቸው ሲታዩ።

አያቴ የገና ልጅ ነው፣ የአሥራ ስምንት ስልሳ አራት፤
ድንች ሳይቆፈር ከሞትክ፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ ሦስት ወራት።
የማይክሮፊልሙን እጀታ አዞርኩ፤ ስሞች እንደ ባቡር መስኮት አለፉ፤
ቆመ። ሦስት ኢቫን ሮበርትስ፣ በአንድ ወረዳ፣ እንደ ወታደር የተሰለፉ።
ዕድሜ የለ፣ ሙያ የለ፣ የሚስት ስም የለ፤
ከስም ቀጥሎ ቅጽ፣ ከቅጽ ቀጥሎ ገጽ፤ ይኸው ነው ያለ።
ገጽህን አይቼ አላውቅም፤ ፎቶም የለህ።
ዛሬ ሦስት ገጽ ሰጡኝ። በየትኛው አለህ?

ወረቀት በነጻ አይመጣም። አንዱ የሞት ምስክር
የሳምንት ሥጋዬ ዋጋ ነው፤ ስለዚህ አንድ በአንድ፣ በቁጥር።
እህቴ ኔስት ሳቀች፦ "ሙታን ለመፈለግ ትከፍያለሽ?
እኔ በነጻ እሆንልሻለሁ፣ ትንሽ ከታገሥሽ።"

የመጀመሪያው ሐሙስ ደረሰ፦ ሰባ አንድ ዓመት፣ ገበሬ፣ የሰውነት እብጠት።
በሆድ ልጅ ለተወ ሰው ትንሽ በዛ፤ ፈገግ ብዬ አጠፍኩት።

ሁለተኛውን በቢላዋ ቀደድኩት፣ ቆሜ፣ ካፖርቴን ሳላወልቅ።
ስም፣ ኢቫን ሮበርትስ። ዕድሜ፣ ሰባት ሳምንት።
ሙያ፣ "የፈላጭ ልጅ"። ምክንያት፣ ትክትክ። ሐኪም አላየውም።
ያስመዘገበች፣ እናቱ ካተሪን፤ "ሲሞት አብራው ነበረች"፤ መጻፍ አትችልም፤
በስሟ ፈንታ መስቀል አለ።
ግልባጭ ነውና፣ እሱንም ሌላ ሰው ነው የሠራላት።

"ገንዘብሽን ይመልሱ" አለች ኔስት። ደብዳቤውን ጻፍኩ፤ አልላክሁ።
መቶ ሠላሳ ዓመት ማንም ያልጠየቀውን፣ እንዴት "የተሳሳተ ሰው ነው" ብዬ እመልሳለሁ?
ከሻይ ጣሳው ጀርባ አቆምኩት። የማሰሮው እንፋሎት ጠርዙን አጠፈው።
ጠዋት ጠዋት ስኳር ሳነሣ "ኢቫን" እለዋለሁ፤ የሚጠራው ሰው ካለፈው
ስንት ዘመኑ።

ሦስተኛው ዘገየ። መጣ፦ ሃያ ዘጠኝ ዓመት፣ ድንጋይ ፈላጭ፣
"ዐለት ተንዶበት"፤ ያስመዘገበው መርማሪ ዳኛ፣ የማያውቀውን ሬሳ አገላባጭ።
ሚስት አልተጠቀሰችም። በሆድ ያለ ልጅ አልተጠቀሰም።
ግራኝ ነበር? መዘመር ይችል ነበር? የሚል ዓምድ ቅጹ ላይ የለም።
ትሆናለህ። ላትሆንም ትችላለህ።

እሑድ ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ሄድኩ። ረጥቦ ያብለጨልጫል መቃብሩ ሁሉ፤
አንተ ወይም ያኛው የፈለጣችሁት ድንጋይ ነው፤ የሌላ ሰው ስም በሙሉ።
ለፈላጩ አልተረፈም።

ማታ የዘር ሐረጉን ወረቀት ከሾርባው ሳህን አጠገብ ዘርግቼ፣
አንተን በእርሳስ ጻፍኩህ፣ ቀለል አድርጌ፣ ላጲሱን በቅርብ ትቼ።
ካተሪንንና ልጇን፣ ምናችንም ያልሆኑትን፣ በዳር በኩል፣ ለብቻ፣
በቀለም።